እረኛ ምን አለ?



የጥንት ነገሥታቶቻችን የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ከከብቶቹ ኋላ ሆኖ ያንጎራጎረውን ሰው ሰምቶ ያደርሳል። በዚያች ግጥም ውስጥ የግብሩ መክበድ፣ የሹሙ ክፋት፣ የዝናቡ መጥፋት ይገኛል። መኳንንቱ «ጃንሆይ፣ አገር ሰላም ነው» ሲሉ እረኛው ሌላ ሊል ይችላል። የዘዴው ብልሃት እረኛው መጠየቁን አለማወቁ ነው፤ ስለማያውቅም አይፈራም።

እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የሕዝብ አስተያየት ማለት የብዙኃኑ ሐሳብ ድምር ነው ብለን በደብተራችን ጽፈን፣ ተፈትነንም አልፈናል። ድምሩን የሚደምረው ማን እንደሆነ፣ ተጠያቂውስ መልሱን ሲሰጥ የማንን ፊት እያየ እንደሆነ ግን በፈተናው ውስጥ አልነበረም። ይኸን ጥያቄ ያስተማረን ስደት ነው።

ቁጥር በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። በጥር 1979 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ ከመቶ 81 እጁ ደገፈ ተባለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሥርዐት ሲወድቅ «የእኔ ነው» ብሎ የቆመለት ሰፊ ሕዝብ አልታየም። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች 547ቱንም ወሰዱ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በሐምሌ ጎንደርም አደባባይ ወጣች፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሕዝቡ በስድስት ወር ውስጥ ሐሳቡን ገለበጠ ማለት ነውን? እኛ አይመስለንም። በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። አስተያየት ስንጠየቅ አስቀድመን የምናየው ማስታወሻ የሚይዘውን እጅ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ አበው፤ በዚያን ጊዜ ያወጣው ምሬት ነው።

ሳይጠየቅ የተናገረ ሕዝብም አለ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ። ታላላቆቻችን መምህራንም የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ የድኻውን ልጅ ከዝቅተኛው ደረጃ በላይ እንዳይሄድ ያግደዋል ብለው ሥራ አቆሙ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቤንዚኑ ዋጋ ቀነሰ፤ ዕቅዱንም አዘገየ። የቆመ ታክሲ የተናገረውን ስንት ሪፖርት ሳይናገረው ቀርቶ ነበር!

እንዲህ ያለው ነገር በተሰደድንበትም አገር አለ። ኪኩቦን በእግሩ ያልረገጠ የካምፓችን ሰው እንኳ ሳሙናውና ዘይቱ በዚያ በኩል ሳያልፍ አልመጣለትም። ቃሉ በሉጋንዳ ጠባብ መተላለፊያ ማለት ነው፤ በእርግጥም በካምፓላ መሐል ከተማ ተሸካሚና ነጋዴ፣ ካርቶንና ጆንያ የሚተሻሹበት መንገድ ነው። አጠገቡ ያለው የሉውም ጎዳና የተሰየመው በሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉውም ነው። ጳጳሳቱ የኢዲ አሚንን መንግሥት ግፍ የሚቃወም ደብዳቤ ካቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ደግሞ የካምፓላ ነጋዴዎች፣ የኪኩቦዎቹም ጭምር፣ ኤፍሪስ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ አሠራር ተቃውመው ሱቃቸውን ዘግተው ሰነበቱ። የተዘጋው በር ንግግራቸው ነበር።

ለልጆቻችን ደብተርና ጠመኔ ልንገዛ ሦስት ሆነን ኪኩቦ በሄድንበት ቀን ሁለት ባለሱቆች ስለ ግብር ሲከራከሩ አገኘን። አንደኛው መንግሥትን ይደግፋል፤ ሁለተኛው ይነቅፋል፤ ድምፃቸው ከተሸካሚዎቹ ጩኸት በላይ ነበር። ሲያበቁ የአንዱን ካርቶን ሌላው አሸከመው። ከዚያም አንዱ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ሴቦ፣ እናንተስ ስለ አገራችሁ መንግሥት ምን ትላላችሁ?» አለን። ሦስታችንም ዝም አልን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ሰውየውም ስቆ፣ «እኔ የጠየቅሁት እናንተን ነው» አለ።

እርሱን አልፈራነውም፤ ምን ሊያደርገን? የተፈራራነው ሦስታችን ነን። አንዱ ቢናገር ሌላው ካምፕ ተመልሶ «እገሌ እኮ የእነ እገሌ ነው» ይላል የሚል ሥጋት ነው። ድንበሩን ተሻግረን የመጣን ቢሆንም አንድ ለአምስቱ አብሮን ተሻግሯል።

ይኸን ነገር በብዛት ያጠኑት አሜሪካኖች ናቸው። ሰው ፖለቲካዊ እምነቱን በመጀመሪያ ከወላጆቹ ቤት ይቀስማል፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተ እምነት፣ ጓደኛ፣ ሥራና ጋዜጣ ይጨምሩበታል ይላሉ። ሊበራልና ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉ ሁለት የርዕዮተ ዓለም ጎራዎችም አሏቸው። ሆኖም ፊሊፕ ኮንቨርስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጽሑፍ፣ አብዛኛው መራጭ የተሟላ ርዕዮተ ዓለም እንደሌለው፣ በአንዱ ጉዳይ ያለው ሐሳብ በሌላው ካለው ጋር ብዙ ጊዜ እንደማይያያዝ አሳየ። እኛ ግን የሰውን ስም ሰምተን፣ የትውልድ አውራጃውን ጠይቀን፣ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚያስበውን ሁሉ ያወቅን ይመስለናል። እርሱ ራሱ ገና ያልወሰነውን እኛ ወስነንለት እናድራለን። የሰው ሐሳብ በመታወቂያው ላይ አልተጻፈም፤ መጠየቅ አለበት።

አጠያየቁም ዕውቀት ይፈልጋል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ከ2 ሚሊዮን በላይ መልሶች ቆጥሮ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ የሰዎቹን ስም ያወጣው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበረ በዚያ የችግር ዘመን ብዙ ድኻ ሳይጠየቅ ቀረ። የተቆጠረውም መልስ ለመላክ የፈለገው ሰው ብቻ ነው። ጋለፕ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን ለይቷል። በኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2000 ድምፅ ከሰጠው ከመቶ 90 በላይ ፓርቲዎች የማይወዳደሩበት ሥርዐት ይቀጥል አለ፤ በ2005 ደግሞ ከመቶ 92 ለመድበለ ፓርቲ ሥርዐት ድምፅ ሰጠ። በሁለቱም ጊዜ ከተመዘገበው መራጭ ግማሽ ያህሉ ከቤቱ አልወጣም። ስለዚህ ቁጥር ስናይ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ቀረ ማለት ይገባናል።

ወገኖች፤ በካምፓችን ራሽን ሲቀነስ በስብሰባ ላይ ሁላችንም እጅ እያወጣን እንስማማለን፤ ከዚያ በቧንቧው ወረፋ ላይ እናማርራለን። ኮሚቴው የሚጽፈው የስብሰባውን እጅ ነው፤ የወረፋውን ምሬት የሚጽፍ የለም። እኛ የእዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች ይኸን እንሞክር ብለናል። ይህች ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አንዲት የካርቶን ሣጥን አብራት ትዞራለች። ጥያቄው አንድ ነው፤ «በዚህ ካምፕ ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት ምንድን ነው?» መልሱ በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ፤ ስም አይጻፍበት፤ ወረቀቱ ይታጠፍ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የሚያምኑት ሰው ይጻፍላቸው። ለስብሰባ የማይመጡትን በየቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን፤ አለዚያ የዚያን መጽሔት ሥራ እንደግማለን። የመጣውን መልስ ሁሉ፣ እኛን የሚነቅፈውንም ጭምር፣ ሳንቀንስ በሚቀጥለው ዕትም እንጽፋለን።