ዋጋ የጠራችውን ልጅ አትቅረጿት

ከውጭ የመጣ ወገናችን ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ስልኩን ዘርግቶ፣ ሻጯን እየቀረጸ «እዩ፣ ሀገራችን ገብተን እንዲህ ነው የምንዘረፈው» ሲል ያላየ አለ? እኔ ስንት እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ። ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «ሌቦች! ሀገር ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ዶላር ይዛችሁ መጥታችሁ ለመቶ ብር ትጨቃጨቃላችሁ» ይላል። ልጅቷ በወር ስንት እንደሚከፈላት የጠየቀ ግን እስካሁን አላየሁም። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው አምቦ ነው። ከተማዋን በጠርሙሱ ብቻ ለምታውቋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ የምታገኟት ናት። ነጭ ቱሪስት እዚህ ብዙ አይቆይም። ወደ ወንጪ ወይ ወደ ደንዲ ሐይቅ ሊያልፍ ውሃና ብስኩት ይገዛል፣ ይሄዳል። የሱቆቻችን ዋናው «የውጭ ደንበኛ» ከዚሁ ሰፈር ተወልዶ የሄደው ነው። ለሰርግ ይመጣል፣ ለለቅሶ ይመጣል፣ ለኢሬቻ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ይመጣል። በ2014 መንግሥት «አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ወደ ሀገር ቤት» ብሎ ሲጠራ ከጊንጪ እስከ ጌዶ ያለው ባለሱቅ ዕቃ አስገብቶ ሲጠብቅ አስታውሳለሁ።

ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ስም አለው፤ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ» ይላቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ይሰጣቸዋል፣ ብዙ ነገር ላይም እንደ ዜጋ ይቆጠራሉ። ሱቅ ውስጥ ግን ካርድ አውጣ የሚል የለም። ሻጭ ሰውን የሚያነበው ከእግር ወደ ላይ ነው። ጫማ፣ ከዚያ በእጅ የተያዘው የውሃ ኮዳ፣ ከዚያ ጭንቅላት ላይ የተሰቀለው መነጽር። አንድ ቃል ሳትናገሩ ዋጋችሁ ተቆርጧል።

ጠቡ ግን ከዋጋ በፊት ነው የሚጀምረው። ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም።

አንድ፣ መከተል። ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ልጅቷ ተነሥታ አብራው ትሄዳለች። ወደ ቀሚሱ ሲሄድ ትከተለዋለች፣ ወደ ጋቢው ሲዞር ትዞራለች። ከውጭ ለመጣው ሰው፣ በተለይ አሜሪካ ለኖረ ጥቁር፣ ይህ ቁስል ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከኋላው የሚከተለው «ይሰርቃል» ብሎ ነዋ! እዚህ ግን ተቀምጣ ብታየው ባለቤቱ «ደንበኛ ገብቶ አትነሽም እንዴ?» ብሎ ይቆጣታል። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት አላት፤ ዕቃ ከጠፋ የምትከፍለው እሷ ናት።

ከዚያ አጠራሩ አለ። አምሳ ዓመት ያለፋትን ሴት «እናቴ፣ ምን ልስጥዎት?» ማለት እኛ ዘንድ ክብር ነው። ከሜኒሶታ የመጣችው ሴት ግን «እናትሽ አይደለሁም፣ ያን ያህል አርጅቻለሁ?» ትላለች። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አይገባትም። መልስ ስትሰጥም እንደዚያው። ዝርዝር የለም፣ በአምስት ብር ፋንታ ማስቲካ ትዘረጋለች። የሀገሩ ሰው ይስቃል ወይ ለልጁ ይወስዳል። እንግዳው ግን የተናቀ ይመስለዋል።

ዕቃ መመለስ ደግሞ የባሰ ነው። እያንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሰው ሀገር በሠላሳ ቀን ውስጥ የለበሰውን እንኳ መልሶ ገንዘቡን መቀበል የለመደ ሰው በሦስተኛው ቀን ጫማውን ይዞ ሲመጣ፣ በእሱ ዓይን ጥያቄው ተራ ነው፣ በእሷ ዓይን ጠብ ፈላጊ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘው ነው ዋጋው ላይ የሚደርሱት።

«የፈረንጅ ዋጋ» የሚባል ነገር አለ፤ መካድ አያስፈልግም። ግን የሱቋ ልጅ የፈጠረችው አይደለም። ላሊበላ የውጭ ጎብኚ የሚከፍለው መግቢያና የእኛ አንድ ሆኖ አያውቅም። የሀገር ውስጥ በረራ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ሲለያይ ኖሯል። ሆቴሎቻችንም ለእንግዳው ሌላ ዝርዝር አላቸው። ሌላውም ሀገር ያደርገዋል፤ ሕንድ ታጅ ማሃል ላይ ከዜጋዋ 50 ሩፒ፣ ከውጭ ጎብኚ 1,100 ሩፒ ትቀበላለች። ልዩነቱ እዚያ ዋጋው በር ላይ ተጽፏል፣ ደረሰኝ አለው፣ ትኬት ቆራጩን ሌባ የሚለው የለም። እኛ ዘንድ ያው አሠራር ወደ ልብስ ሱቅ ሲወርድ ከአንዲት የ22 ዓመት ልጅ አፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ስድቡም እሷ ላይ የሚያርፈው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የዚያን ቀን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እስቲ እኔ በማውቀው ሱቅ እናስላው። ከለውጡ በፊት 4,000 ብር የሚሸጥ የባህል ቀሚስ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 70 ዶላር። በ2017 ገና ላይ ክሩም ጨርቁም ተወዶ 6,500 ገባ። ዶላሩ በ127 ብር ሲመታ ወደ 51 ዶላር ማለት ነው። ለአምቦዋ ሙሽራ ቀሚሱ በ2,500 ብር ተወደደባት፣ ለእንግዳዋ በ20 ዶላር ረከሰላት። የሻጯ ደሞዝ ደግሞ ከ3,000 ወደ 3,500 «አደገ»። በዶላር ከ50 በላይ የነበረው ከ30 በታች ወረደ። የምትሸጠው አንድ ቀሚስ የሁለት ወር ደሞዟን ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ይህን የሚያይ ባለሱቅ «ለእነሱ ምናቸው ነው» ብሎ ይጨምራል። እንግዳው ደግሞ «ለኔ ምኔም ቢሆን ለምን ትዋሹኛላችሁ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት እውነት ነው፣ ግን ስለተለያየ ነገር።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልግባ። በዚያው ገና ሰሞን ነው፣ እዚሁ አምቦ። የሱቁንም የሰውንም ስም አልጠራም።

ልጅቷ በሂሳብ ሥራ ዲፕሎማ አላት። ሥራ ስታጣ ልብስ ሱቅ ገባች። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ሱቁን የሚመራው በስልክ ነው። የቀሚሱ መጨረሻ 6,500 ነው፤ «ከውጭ ለመጡት 9,000 በይ» ብሏታል። ከጭማሪው ለእሷ የሚደርሳት ሳንቲም የለም። (ሁሉም እንዲህ አይደለም። ደሞዙን ዝቅ አድርጎ «ከዚህ በላይ የሸጥሽው ያንቺ ነው» የሚል ባለሱቅም አለ። እዚያ ሻጯ የራሷ ጥቅም አላት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።)

አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ትገባለች። ልጆቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። እናትየው በአፋን ኦሮሞ ታወራለች፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ዋጋ ትጠይቃለች፣ 9,000 ትባላለች፣ ሳትከራከር ትከፍላለች። ሻጯ ኋላ ስትነግረኝ «ቀንሺ ብትለኝ እቀንስላት ነበር፣ አላለችም» አለችኝ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ዋጋ ጨዋታ መጀመሪያ ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» ካልተባለ ሻጭ ራሱ ግራ ይገባዋል። እንግዳዋ ግን የተጠራውን መክፈል ጨዋነት ነው ብላ ነው የከፈለችው።

በማግሥቱ የአጎቷ ልጅ ያንኑ ቀሚስ ሲጠይቅ 6,500 ይባላል።

ሴትየዋ ስልኳን ከፍታ ተመለሰች። «ትናንት 9,000 ያልሽኝ ለምንድን ነው? ንገሪያቸው፣ ሰው ሁሉ ይስማ» አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። አንገቷን ደፋች። ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገት መድፋት ነው ያደገችበት፣ ቀና ብሎ መመለስ ብልግና ነው። ቪዲዮው ላይ ግን እጅ ከፍንጅ ተይዛ ያፈረች ሌባ ነው የምትመስለው። «ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ» አላለችም። ብትልስ? ሥራዋን በዚያው ታጣ ነበር። ሳትልም አጣች። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ በወጣ በሁለተኛው ቀን ባለቤቱ ደውሎ «የሱቄን ስም አጠፋሽው» ብሎ አሰናበታት። ለሴትየዋ የተመለሰላትን 2,500 ብርም ከደሞዟ ቆረጠው። ለነገሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። ልጅቷ ይህን ከእኔ ነው የሰማችው፣ እሱም ከተቆረጠ በኋላ። ያው አዋጅ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋምም ይናገራል። የሱቅ ሠራተኛ ወለል ግን እስካሁን አሠሪዋ የተነሣበት ስሜት ነው።

ሴትየዋንም አግኝቻት ነበር፣ ከመሄዷ በፊት። ሀብታም መስላችሁ ይሆናል። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ለሦስት ሰው ትኬት ሁለት ዓመት ቆጥባለች። እኅት ወንድሞቿን እዚህ ያስተማረችው እሷ ናት። «2,500 ብር እኮ 20 ዶላር አይሞላም፣ እሱ አይደለም ያመመኝ» አለችኝ። «የተወለድኩበት ከተማ ውስጥ፣ በቋንቋዬ እያወራሁ፣ በልጆቼ ፊት ፈረንጅ ተባልኩ።» ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጅቷ ከሥራ እንደወጣች አልሰማችም ነበር። ስነግራት ቪዲዮውን አጠፋችው። ሌሎች ወስደው የለጠፉት ግን አሁንም ይዞራል።

ባለቤቱ ቪዲዮው ላይ የለም። ዋጋውን ያወጣው ሰው ፊቱ አልታየም፣ ድምፁ አልተሰማም። የእኔ ንዴት ይሄ ነው።

ሁለት ዋጋን እየደገፍኩ አይደለም። በተለይ ወገንን ከጫማው አይቶ ዋጋ መጨመር አስጠሊ ነገር ነው፣ ገበያንም ይገድላል፤ አንዴ የተታለለ እንግዳ ቀጣዩን ጫማ ከዚያው ሀገር ገዝቶ ይመጣል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ወንጪ ላይ ፈረስ የሚያከራዩት ገበሬዎች እንኳ ተደራጅተው፣ ዋጋ ቆርጠው፣ ክፍያውን በማኅበራቸው በኩል ሲቀበሉ ነበር። አንድ ፈረስ ከአንድ ቀሚስ ይልቅ ዋጋው ከታወቀ እኛ ከተሜዎቹ ምን ይሉናል? የወረዳና የከተማ ንግድ ቢሮዎች የስኳርና የዘይት ዋጋ ለመቆጣጠር ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። ልብስ ሱቅ ገብተው «ዋጋው የታል?» ሲሉ ግን አላየሁም።

ለምትመጡት ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር። ብትናደዱ መብታችሁ ነው። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን «ባለቤቱ ማን ነው? ቁጥሩን ስጪኝ» በሉ። ለባለቤቱ ደውሉ፣ ከፈለጋችሁ እሱን ቅረጹት። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የጠየቀን ሰው ባለሱቅ ይፈራል። «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለትም ውርደት አይደለም፣ አባቶቻችሁ እዚሁ ገበያ ሲሉት የኖሩት ነው።

ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጀበና ቡና ታፈላለች። አንድ ስኒ ለሁሉም ሰው አንድ ዋጋ ነው፣ ካርቶን ላይ በእስክሪፕቶ ጽፋ ሰቅላዋለች። ተማሪዎቹ አንዳንዴ ፊቷን አይተው እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ፤ ለይተዋታል ማለት ነው። ወደ ልብስ ሥራ ትመለሺ እንደሆነ ብዬ ስጠይቃት «ማን ይቀጥረኛል?» አለችኝ።

ሱቁ አለ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሌላ ልጅ ቆማለች፣ ከሃያ ዓመት የምትበልጥ አይመስለኝም። ቀሚሶቹ በር ላይ ተሰቅለዋል፣ ዋጋ የተለጠፈበት አንድም የለም።