ድፍርስ ውኃ ያሳደድንባቸው ክረምቶች

ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እኛ ወደ ወንዝ ነበር የምንሮጠው! አንዳችን ባዶ ጠርሙስ የሞላበት ካርቶን ታቅፈን፣ አንዳችን መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለን፣ ቦቲ ጫማችን በቀዩ ጭቃ እየተያዘ፣ እየወደቅን፣ እየተነሣን፣ እየሣቅን። ቦታው አንጀኒ ነው፤ ከደምበጫ ከተማ ወደ ሰሜን ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ። ወንዟ ምንጨት ትባላለች። የሥራው ሕግ አጭር ነበር፤ ውኃው ደፍረስ ማለት ሲጀምር አንድ ሊትር ይቀዳል፣ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ አንድ ሊትር፣ ከዚያም ሌላ፣ ወንዙ እስኪጠራ ድረስ። ሌሊት ቢሆንም፣ በረዶ ቢጥልም። እንደዚያን ጊዜ ዝናብ ናፍቄ አላውቅም!

ያን ሥራ እኛ ተማሪዎቹ አልጀመርነውም፤ የደስታው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። አንጀኒ ላይ ዝናብና ደለል መለካት የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ ላይ ጣቢያ ከከፈተ በኋላ ወደ ጎጃም ዘለቀና 113 ሄክታር የምታክል ተፋሰስ መረጠ። በ1978 ዓ.ም. ማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ፤ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ዳገቱ በኩል የሚጣልበት፣ ከኬንያ የመጣ ብልሃት ነው። እንግዲህ አስቡት! እኔ ገና በሕፃንነቴ የዘነበው ዝናብ፣ በዚያው መንደር ሰዎች እጅ በየቀኑ ተጽፎ ጠበቀኝ። ያን መዝገብ መጀመሪያ የገለጥሁ ቀን ቁጥሩን በጣቴ እየተከተልሁ፣ ይሄ የሐምሌ ዶፍ ነው፣ ይሄ የነሐሴ ነው እያልሁ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

ጊዜው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በተፋሰስ አስተዳደርና በሃይድሮሎጂ የማስተርስ ትምህርት የከፈተበት፣ የ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ መዝገብና ከእነዚያ ጠርሙሶች የወጣው ነገር ዛሬም ያስፈነድቀኛል፤ ወንዙ እጅግ የሚደፈርሰው ክረምቱ ሲገባ፣ መሬቱ ታርሶ ገና ራቁቱን ሳለ ነው። ነሐሴ ተጋምሶ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍነው ዝናቡ ቢበረታም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ደለል እየቀነሰ ይሄዳል። ገበሬው ይህን ያውቀዋል፤ እኛ በግራም ጻፍነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ፍኖተ ሰላም! ሻወር፣ ትኩስ ሽሮ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት። ያን ጊዜ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ እንደ ሹም ነበር የሚታየው። ለገበሬዎቹ ያዘጋጀነውን መጠይቅ በገጽ ከፍለን እናባዛለን፤ መብራት ይጠፋል፣ እንጠብቃለን፤ መብራቱ ሲመጣ የማሽኑ ቀለም አልቋል። ወደ ቡሬ የምንወርድበትማ ጊዜ! ጥቅምትና ኅዳር ላይ በርበሬው በየደጃፉ ተሰጥቶ አገሩ ሁሉ ይቀላል፤ በሚኒባሱ መስኮት ገብቶ ያስነጥሰናል። ከወረዳ የተጻፈች የትብብር ደብዳቤ በኪሳችን ካለች አገሩ ሁሉ የኛ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተሟን አይቶ፣ «በሉ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ጠላ ቅመሱ» ሲል ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

መጠይቁ ረጅም ነበር፤ የመሬቱ ተዳፋት፣ የአፈሩ ቀለም፣ የእርከኑ ስፋት፣ የቦዩ ጥልቀት። ሰውን የሚመለከተው ክፍል የመጨረሻዋ ገጽ ነበረች፤ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የትምህርት ደረጃ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ልቤ የተንጠለጠለው በዚያች ገጽ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ገበሬዎቹ ሲያወሩ ከእርከኑ ስፋት ይልቅ ስለ ጎረቤት ነበር የሚያወሩት! ነገሩ እንዲህ ነው። እርከኑ በሁለት ሰዎች ድንበር ላይ ሲውል፣ አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል፣ ቦዩ ከታች ይቀራል። ከላይ ያለው ሰው ደለል ያጠራቅማል፣ በጉብታው ላይ የሚበቅለውን ሣርም ያጭዳል፤ የታችኛው ከማሳው ላይ ቦይ ይሰጣል። «አንቺ ልጅ፣ አፈሩ ተረፈ ትያለሽ፤ ለማን ተረፈ?» አሉኝ አንድ አባት። መልሱን ልጽፍበት በቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበረ በጀርባው ጻፍሁት። ብዙዎቹ ቅጾቼ በጀርባቸው በኩል ይበልጥ ሞልተው ተመለሱ።

ሌላም ነበረ። በሬ መዞሪያ ጠበበው፣ አይጥ በጉብታው ውስጥ ቤት ሠራ፣ ውኃ ቆረና ጤፉ ቢጫ ሆነ። በዚያ ላይ የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ገና ትኩስ ቁስል ነበር። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው የተቀነሰበት፣ የሌላው የተጨመረበት ዘመን ነውና፣ ነገ ለማን እንደሚሰጥ ያልታወቀ ማሳ ላይ ጉልበት የሚያፈስስ ማን ነው? በሬ የሌላት ሴትስ? መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፤ እርከኑ ሲፈርስ አራሹ የእርሷ ነው ይላል፣ እርሷ ቆፋሪ የላትም። ይህን ሁሉ የአፈር መሸርሸር ቀመር ውስጥ ማስገባት አይቻልም ነበር፤ ሳይገባ ደግሞ ቀመሩ ለምን አንዱ ማሳ እንደዳነ፣ አጠገቡ ያለው ለምን እንደታጠበ ሊነግረን አልቻለም።

ያን ጊዜ በእጃችን እየዞረ የተበጣጠሰ አንድ ጽሑፍ ነበር። ዶክተር ጌቴ ዘለቀ ለዶክትሬት ትምህርታቸው በዚያው በደምበጫ አካባቢ ያጠኑት ነው፤ ከሁርኒ ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 አሳትመውታል። ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎችና በሳተላይት ምስል አገሩን መለስ ብለው ሲያዩት፣ በዚሁ አቆጣጠር በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል። የሚታረሰው ደግሞ ከ39 ወደ 77 በመቶ ወጥቷል። አነበብነውና ዝም አልን። የቀረው ደን የት እንዳለ ለማወቅ ግን ሳተላይት አያስፈልግም ነበር፤ ቀና ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ማየት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን አድባራት ደን አጥንተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ከዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሲመረቁ፣ እኛም የየሰንበቴያችንን ጽድና ወይራ በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርን። ቄሱና ምእመኑ ለዘመናት የጠበቁትን ዛፍ ማጥናት፣ ማኅበራዊ ጥናት ካልሆነ ምን ሊባል ነው!

አሁንማ፣ አሁንማ! ተማሪዎቼ ስልካቸውን ያወጣሉ፤ መጠይቁ እዚያው ውስጥ ነው፣ በኮቦ ቱልቦክስ ይሞሉታል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፤ የሚባዛ የለ፣ የሚረጥብ የለ። ሴንቲነል የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ እየተመለሱ ቡሬን ከላይ ያነሷታል፤ ያውም በነፃ! የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቡሬ ላይ ተከፍቷል፤ የጎጃም ልጅ የጎጃምን አፈር ለማጥናት አገር አቋርጦ መሄድ አይጠበቅበትም። የእኔን ልብ በደስታ የሚያዘልለው ግን መሣሪያው አይደለም። ያቺ የመጨረሻ ገጽ ወደ መጀመሪያ መጣች! ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው ሕዝቡ በዘመቻ ሲወጣ እርከኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ተማሪዎቼ የሚጠይቁት መሬት የሌለው ወጣት ለምን እንደሚቆፍር፣ ከተከለለው ተራራ ላይ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ቀፎውን ማን እንደሚሰቅል ነው። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲሠራ፣ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አንዱ ካሣ የተቀበለ ገበሬ ገንዘቡን ከሚስቱ ጋር መክሮ አወጣው ወይስ ብቻውን ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላዋ የፋብሪካው ፍሳሽ የሚወርድበትን አቅጣጫ ከውኃ ቀጂ ሴቶች ጋር እየሄደች ካርታ ላይ ታወጣለች። የእኛ ዘመን የጥናት ኮሚቴ ቢሆን ይህ የአካባቢ ሳይንስ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ይከራከር ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙዎቹን የመስክ ሥራዎች አስቁሟል፤ ሕዝቡ የከፈለው ግን ከጥናት እጅግ የሚበልጥ ነው። ተማሪዎቹ የስልክ ቁጥሮችን ይዘዋል፤ መስመር ሲኖር ይደውላሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ ማሳው አይደለም፣ ስለ ደኅንነት ነው።

ሰሞኑን አንዷ የጥናት ሐሳቧን ይዛ መጣች። በጎረቤታችን አዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ በሁለተኛው ሣር ያጭዳል፣ በአራተኛ በአምስተኛው ዓመት ከሰል ያከስላል። አሲዳማው አፈር አገገመ፣ ወጣቱ ሥራ አገኘ፣ ኮረብታው ለመለመ፤ በኋላ ግን በሽታ ገባበትና ዛፉ መድረቅ ጀመረ። ብዙ ሰው በሽታውን ያጠናል። እርሷ ልታጠናው የፈለገችው ዛፉ ሲደርቅ በአንድ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ገቢው የሚቋረጥበት ማን እንደሆነ ነው፤ ከሰል አክሳዩ ልጅ ነው፣ ጆንያ ሰፊዋ እናት ናት ወይስ የመሬቱ ባለቤት? ለዚህም ባልን፣ ሚስትንና ልጅን ለየብቻ ልትጠይቅ አስባለች፤ ሦስት መጠይቅ ለአንድ ቤት! ከወንበሬ ተነሣሁ። ሦስቱ የተለያየ መልስ ቢሰጡስ አልኋት። «ጥናቱ እሱ ነው እንጂ መምህር!» አለችኝና ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።