የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻሽን አንብቢው

ጥቅምት 20፣ አዲስ አበባ

ለእህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንቅልፍ የነሳኝ የእናንተ ነገር ነው።

የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ አማትሽ አጠገብ ሆነሽ ስለምታወሪ ነው። «እሺ»፣ «አዎ»፣ «ደህና ነን» ከማለት በቀር ምን ትመልሺልኛለሽ? ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ሁለት ወረቀት ነው። ይህን የመጀመሪያውን ብቻሽን አንብቢና ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ሁለተኛውን ከባልሽ ጋር አንብቡት።

ቀጠሮው ተገኝቷል። ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ። የመሃንነት ሕክምና ማዕከሉን መንግሥት የከፈተው በ2011 ዓ.ም ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው። እነ ዶክተር ሰናይት ፍሥሐ የሠሩበት የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ አግዞታል። ከዚያ በፊት ያለው ሰው ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው ጠበል ይጠመቃል፣ ስለት ይሳላል፣ ያለቅሳል። አንቺም ሦስቱንም አድርገሻል።

እታለም፣ ከሁሉ በፊት ያንን ነገር ለሐኪሙ ንገሪው። የጥምቀቱን ሰሞን። ከዚያ ወዲህ እኔና አንቺ በአፋችን አንስተነው አናውቅም። እማዬም ሳትሰማው አለፈች፣ ነፍሷን ይማርና። አሁን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም፤ በሞትኩት! ግን ከዚያ በኋላ የያዘሽን ትኩሳት አስታውሺ። ከእምብርትሽ በታች ይዘሽ ጎንበስ ብለሽ ስትሄጂ፣ ለጠየቀሽ ሁሉ «ውርጭ መትቶኝ ነው» ስትይ። ለእኛ አልፎ የሄደ ነገር ነው። ለሐኪም ግን ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል።

ፅንስ ከወረደ በኋላ ማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ ቱቦውን ሊያጣብቀው ይችላል። የተዘጋ ቱቦ ብዙ ጊዜ አያምም። የወር አበባም በሰዓቱ ይመጣል። ሴትየዋ ጤነኛ ነኝ ብላ ዓመታት ትጠብቃለች። ሐኪሙ ያንን ትኩሳት ካወቀ በቀለም የሚነሳውን የቱቦ ራጅ ቶሎ ያዝልሻል፤ ካላወቀ ግን መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ሲፈልግ ይከርማል። ራጁ የሚነሳው የወር አበባሽ ደርቆ እንቁላል ሳይወጣ ባሉት ቀናት ነው። ይቆርጥሻል፣ ያልፋል። እጅሽን እኔ እይዝሻለሁ።

«ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት አድርጌ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ለምርመራ አልጋው ላይ ስትወጪ እሱ ውጭ ይቆያል። ያኔ ንገሪው። ካልተመቸሽም «ዶክተር፣ ለብቻዬ ላነጋግርዎት» በይ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእነሱ አዲስ አይደለም። ሐኪም የሰማውን ያለ ፈቃድሽ ለባልሽም አይናገርም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ካርዱ ላይ «ጂ 1» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጂ ማለት ስንት ጊዜ እንደፀነስሽ ነው። አማትሽ አታነበውም፣ ያ የጤና ባለሙያ የሆነው የባልሽ አጎት ልጅ ግን ያነበዋል። ስለዚህ ካርዱ ከቦርሳሽ አይውጣ።

ለባልሽ መንገር አለመንገሩ የአንቺ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ደግ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ደግነቱን ግን እናቱ ፊት አላየሁትም።

ደግሞ «እግዚአብሔር ቀጣኝ» የምትይውን ተይ። ባለፈው ፋሲካ ስትይው ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ዛሬ ግን ዝም አልልም። ትኩሳት ነው የያዘሽ። በጊዜው መድኃኒት ቢያገኝ የሚድን ትኩሳት። ቱቦሽ ተዘግቶ ቢገኝ እንኳ ነገሩ አላለቀም። በዓለም የመጀመሪያዋ ከሰውነት ውጭ ተፀንሳ የተወለደች ልጅ፣ ሉዊዝ ብራውን፣ እናቷ ቱቦዋ ተዘግቶ 9 ዓመት ልጅ ስትፈልግ የኖረች እንግሊዛዊት ናት። ሉዊዝ የተወለደችው በ1970 ዓ.ም ሐምሌ ነው። ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት።

በይ ይህን አቃጥይው። አሁኑኑ።

*

ለሁለታችሁም፤

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ገብሱ እንደደረሰ አውቃለሁ። «አጨዳውን ጥዬ ወዴት?» እንደምትልም አውቃለሁ። ወንፈል ጠይቅ። ያንተን ተራ አስቀድመህ ስጣቸው፣ እነሱም ይደርሱልሃል። እሷን ብቻ እንዳትልክብኝ፣ አደራ። ብቻዋን ከመጣች ግማሽ ታማሚ ነው የመጣው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ያ በፊት የሄዳችሁበት ክሊኒክ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። እንቁላል የሚያነቃቃ ክኒን ለስንት ወር አስዋጣት፤ አንተን ግን አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ና» አላለህም። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሴቷ ጋር። የወንድ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም የቀለለው ነው፤ መርፌ የለው፣ ቁርጠት የለው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የዘር ፍሬ ካለ ቁጥሩ ደህና ነው ይባላል። አነስ ብሎ ቢገኝም በአንድ ምርመራ አይፈረድም፣ ይደገማል። የዘር ፍሬ ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። አረቄውን ዛሬ ብትተው ውጤቱ የሚታየው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ እንግዲህ ዛሬ ጀምር።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። እህት ነኝ፣ አዋላጅም ነኝ፤ ሁለቱም ይፈቅድልኛል።

ናሙናው የሚሰጠው ከተገናኛችሁ ከ2 ቀን በኋላ፣ 7 ቀን ሳያልፍ ነው። ለዚህ ነው ጾሙ ሳይገባ እንዲሆን ደጅ የጠናሁት። ለብቻህ አንድ ክፍል ያስገቡህና ዕቃ ይሰጡሃል። «ይህ ኃጢአት ነው» ብለህ ከተጨነቅህ ለሐኪሙ በግልጽ ንገረው። ከሚስትህ ጋር ሆነህ ናሙናውን የምትይዝበት ለዚሁ የተሠራ ኮንዶም አለ። ሱቅ የሚሸጠው አይሆንም፣ ዘሩን ይገድለዋል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እኔ ቤት ማረፋችሁ ለዚህም ይጠቅማል። የልጆቹን ክፍል አስለቅቄላችኋለሁ፤ ቁልፍ አለው።

ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ ይጠይቃችኋል። አቀርቅራችሁ «ደህና ነው» እንዳትሉ! ጾሙን ንገሩት። ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን፣ ነቢያቱን፣ ረቡዕና ዓርቡን ደምራችሁ እዩት፤ ወደ ዓመቱ እኩሌታ ይጠጋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ነው። የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊጠብቃት ይችላል። ያቺ ቀንና ከፊቷ ያሉት ቀናት ጾም ውስጥ ከወደቁ ወሩ በከንቱ አለፈ። ጾሙን ሻሩ አላልኩም፤ እኔ ማን ነኝ? ሐኪሙ ቀናቱን ያሳያችሁ፣ እናንተ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ። እኔ የማውቃቸው ቄስ እንደዚህ ያለውን ሰምተው የሚቆጡ አይደሉም።

አንቺ ደግሞ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ጻፊ። የመስከረሙንም የጥቅምቱንም። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ንገሪያቸው፤ ካርድ ላይ በፈረንጅ የሚጽፉ አሉ፣ ቀኑ ከተምታታ ምርመራው ሁሉ ይበላሻል። የጠጣሽውን የሥር መድኃኒትም አትደብቂ። ማን እንደሰጠሽ አይጠይቁሽም፣ ምን እንደሆነ ግን ይወቁ። ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም። ብቻ ጠበል ገባሁ ብለሽ የታዘዘልሽን ክኒን እንዳታቋርጪ። ፎሊክ አሲድ ግን ከአሁኑ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። የሕፃን አከርካሪ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ እናት መፀነሷን ገና ሳታውቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ወሬ ነው። ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ አልትራሳውንድ ያያሉ፣ ደም ይወስዳሉ፤ እንቅርትም ይመረመራል፣ እሱም ልጅ ያስቀራል። በዚያው ቀን «ትወልዳላችሁ» ወይም «አትወልዱም» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እኔ ራሴ እጠራጠረዋለሁ። አይ ቪ ኤፍ፣ ያ ከሰውነት ውጭ የሚደረገው ፅንስ፣ ለሁሉም አይደለም፤ በክኒን ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚፈታም ብዙ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ምን አገኛችሁብን? ቀጥሎ ምንድን ነው? ስንት ያስወጣል? እሱ ካልሠራስ? ብሩን ሳታውቁ እሺ እንዳትሉ። በግ ሸጣችሁ እንደምትመጡ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ዋናው። የምርመራው ውጤት ሳይመጣ፣ ዛሬ ማታ፣ ይህን ደብዳቤ ይዛችሁ ተማማሉ። ውጤቱ የማንም ይሁን፣ ለሰው «ሁለታችንም እየታከምን ነው» ነው የምትሉት። በቃ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አይወጣም። «ከእሷ ነው» ከተባለ ማን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ሌላ ሴት የምታጭልህ አትጠፋም። «ከእሱ ነው» ከተባለ ደግሞ ወንድሜ፣ ጠላ ቤት አንገትህን ቀና አድርገህ አትገባም። አባቶቻችን ከአስቦና ከገራ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዓት ዘግተው ሲጠብቁ፣ በቃል የታሰረ ነው ተብሎ ከብቱ ርቦት እንኳ ለዓመታት ማንም ማጭድ አያስገባበትም ነበር። እናንተም ነገራችሁን እንደዚያ ዝጉት። ለሐኪሙ ሁሉንም፣ ለሰፈሩ ምንም።

እናትህን አክብራት። ግን «ሐና በጸሎቷ አገኘች» እያለች ልጅቷን ስታስጨንቃት «ኢያቄምም አብሮ አልቅሷል እማዬ» በላት። ሐናን ብቻ ነው የምታነሳው እኮ! አንተ ካልመለስክላት ሌላ የሚመልስላት የለም።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ከክርስትና ድግስ አትቅሪ። አራስ ጥሪ ሲመጣ ራስ ምታት ይዞኛል ማለቱን ተይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው 1ዱ በዕድሜው መሃንነት ይገጥመዋል ብሏል። ከዚያው ማህበራችሁ ጽዋ ከሚጠጡት መካከል ስንቱ ዝም ብሎ እንደተሸከመው አስቢው።

ከመሐል ሜዳ በሌሊቱ መኪና ተነሡ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ባናውን ደርቡ። የድሮውን ምርመራ ሁሉ አምጡ፣ የተቀዳደደውንም። ያ ክሊኒክ ካርድ አልሰጥም ካላችሁ የክኒኑን ባዶ ካርቶን ይዛችሁ ኑ። ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ደውሉልኝ፤ ላም በረት መናኸሪያ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ወንድሜ፣ ቅቤ ምናምን ብለህ እንዳትሸከም። እሷን ይዘህልኝ ና።

እህታችሁ