ለእህቴ፣ በረዶ ላይ ከመውጣትሽ በፊት

ዴንቨር፣ ታኅሣሥ 4

ውድ እህቴ ሚሚዬ፣

የሶልት ሌክ ሲቲ ጓደኞችሽ ለፈረንጆች ገና በረዶ ሸርተቴ ሊወስዱሽ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ያገለገለ ስኪ ከአንዷ ልትገዢ ማሰብሽን ስትነግሪኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ግራ ጉልበቴ በብርድ ለምን እንደሚያመኝ ነግሬሽ አላውቅም። መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ የሰው ስኪ ተዋስኩ። ከቁመቴ ይረዝማል፤ ማሰሪያውም የተስተካከለው ለባለቤቱ ኪሎ ነበር። ስወድቅ ስኪው ከእግሬ መላቀቅ ሲገባው አልላቀቅ አለ፤ ጉልበቴም አብሮት ዞረ። 6 ሳምንት በክራንች ሄድኩ። አንቺ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ዘንድሮ አትግዢ፣ ተከራዪ። መጀመሪያም ጫማውን ምረጪ። ቁጥሩ በሴንቲሜትር የተለካ የእግርሽ ርዝመት ነው። ብርድ ነው ብለሽ ካልሲ አትደርቢ፤ አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል፤ ሁለቱ ይጨማደዱና እግርሽን ያቆስሉታል። ሱሪሽንም ጫማው ውስጥ አትክተቺ። ቆልፈሽ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ የአውራ ጣትሽ ጫፍ ጫማውን ይንካ፤ ጉልበትሽን ወደፊት ስታጥፊ ሸሸት ይበል። ተረከዝሽ ከተነሳ ሰፍቶሻል፤ ይመቸኛል ብለሽ እንዳትወስጂው። ጫማው ከሰፋ እግርሽ ብቻውን ይዞራል እንጂ ስኪውን አያዞረውም።

ስኪውን ደግሞ ከፊትሽ አቁሚው፤ ጫፉ ከአገጭሽና ከአፍንጫሽ መሃል ይዋል። ለጀማሪ አጠር፣ ለስለስ ያለው ይሻላል፤ በቀላሉ ይዞራል፣ ስትሳሳቺም ይታገስሻል። ረጅምና ደረቅ ስኪ ሽምጥ ለሚጋልብ ነው። ዩታ ዱቄት በመሰለ ጥልቅ በረዶዋ የታወቀች ስለሆነች ጓደኞችሽ ሰፊ ስኪ ይመክሩሽ ይሆናል። አንቺ የምትውዪው በማሽን በተደለደለው ለጥ ያለ መንገድ ላይ ነው፤ ወገቡ፣ ማለትም የመሃሉ ስፋት፣ ከ70 እስከ 80 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃሻል።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ስለ ማሰሪያው ነው። የኪራይ ቤቱ ባለሙያ ኪሎሽን፣ ቁመትሽን፣ ዕድሜሽንና ችሎታሽን ይጠይቅሻል። ማሰሪያው ስትወድቂ እንዲለቅሽ የሚያስተካክለው በምትነግሪው ቁጥር ነውና ኪሎሽን እውነቱን ተናገሪ። ችሎታሽን ሲጠይቅሽም ጓደኞችሽ አጠገብሽ ቢቆሙም «ጀማሪ ነኝ» በይ። ችያለሁ ካልሽው አጥብቆ ያስርልሻል፤ ጠብቆ የታሰረ ስኪ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የእኔ ጉልበት ይመስክር።

እማዬ «አበሻን ከበረዶ ምን አገናኘው?» ብላ መጨነቋ አይቀርም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 (እ.ኤ.አ.) በቶሪኖው የክረምት ኦሎምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ገብቶ በስኪ መወዳደሩን ንገሪያት። የእሱ ስኪ ተረከዙ የማይታሰር፣ ቀጭን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ካንቺው ይለያል። በረዶው ግን ያው በረዶ ነው፤ ለእኛም ልጆች ይሆናል።

ኪራይ ቤቱ ስትደርሺ ስኪውን ከፊትሽ አቁመሽ ፎቶ ላኪልኝ። ጫፉ የት እንደዋለ ሳላይ አልተኛም።

ሁሌም የምትወድሽ፣
እታለም