በላንግስተን ሜዳ፣ ቀጥ የሚል ዱላ ፍለጋ

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ አበሻ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ሊንከን መታሰቢያ ነው። ከዚያ ዋይት ሐውስን በአጥር አሻግሮ ያያል፤ ሲመሽ ደግሞ ክትፎና ጥብስ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። እኔም ባለፈው ክረምት ይህን ሁሉ አድርጌአለሁ። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ግን ጎብኚ እምብዛም የማይደርስበትን፣ እኔ ሦስት ቅዳሜ የዋልኩበትን ቦታ ነው፤ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቤኒንግ ጎዳና አጠገብ፣ በአናኮስቲያ ወንዝ አቅጣጫ የተዘረጋውን የላንግስተን የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ።

ጎልፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በግንብ የታጠረ ግቢና ነጭ ጓንት ያደረገ ባለሀብት ነው። ላንግስተን እንዲህ አይደለም። የአባልነት መታወቂያ የሚጠይቅዎት የለም። የአንድ ቅርጫት ኳስ ዋጋ ከፍለው ወደ መለማመጃው ይገባሉ። ከጎንዎ ጡረተኛ ሊቆም ይችላል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሥራ ልብሷን ያልቀየረች ነርስ፣ ከእሷ ቀጥሎ ልጁን ይዞ የመጣ አባት።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በ1930ዎቹ በዋሽንግተን ጥቁርና ነጭ በአንድ የሕዝብ ሜዳ አብረው አይጫወቱም ነበር፤ ደህና ደህናው ሜዳም የነጮች ነበር። በ1937 ጥቁር ሴቶች ዌክ ሮቢን የሚባል የራሳቸውን የጎልፍ ክለብ መሠረቱና ከወንዶቹ ክለብ ጋር ሆነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሃሮልድ ኢከስን ይወተውቱ ጀመር። ውትወታው ፍሬ አፍርቶ ላንግስተን በ1939 ተከፈተ። መሬቱ ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ሲሆን ጉድጓዶቹም ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ 18 የሆኑት በ1955 ነው። ስያሜው ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የተመረጠውን የመጀመሪያውን ጥቁር፣ ጆን መርሰር ላንግስተንን ያስታውሳል። በ1975 በማስተርስ ውድድር ለመሳተፍ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ሊ ኤልደርም እዚህ ተጫውቷል። ሜዳው ከ1991 ጀምሮ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እኛን ወደዚህ ያመጣን ታሪኩ ሳይሆን የወንድሜ ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቨርጂኒያ ትማራለች። በነሐሴ የትምህርት ቤቷ የጎልፍ ቡድን ምርጫ ነበረባት። አጫጭር ምቶቿ የሚያስደንቁ ናቸው። ችግሯ ድራይቨሩ ላይ ነው። ድራይቨር ማለት አንድ ተጫዋች ሊይዝ ከሚፈቀድለት 14 ዱላ ረጅሙ ሲሆን በረጅም ጉድጓዶች የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ነው። የእሷ ኳስ ቀጥ ብላ ትነሳና መሀል መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። ይህን ስላይስ ይሉታል። ልጅቱ ከመፍራቷ የተነሳ ድራይቨሩን ከቦርሳው ማውጣት ትታ ነበር። «አክስቴ፣ ይኼ ዱላ ይጠላኛል» አለችኝ።

ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው። የልጁን ጭንቀት ሲያይ የመጣለት መፍትሔ የአባት መፍትሔ ነው፤ በጣም ውዱን መግዛት። አዲስ የወጣ ድራይቨር 600 ዶላር ገደማ ይጠየቅበታል። ይህ ለእሱ የብዙ ሌሊት ሥራ ነው። በዚያ ላይ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። ውዱ ዱላም ካላቃናላት ልጁ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ጨዋታውን እንዳትተወው ነበር።

በመለማመጃው አንድ አዛውንት አሠልጣኝ አሉ። የልጅቱን ዱላ ተቀብለው አገላበጡት። ጎረቤት ለወንድሜ የሰጠው የትልቅ ሰው ዱላ ነው፤ ፊቱ 9 ዲግሪ፣ ዘንጉ ጠንካራ፣ ርዝመቱ 45 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 116 ሴንቲሜትር ያህል። «ልጄ፣ ዱላው አይጠላሽም። የሌላ ሰው ጫማ ነው ያደረግሽው» አሏት።

ከዚያም ለእኔም በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱን። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በምቱ ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ ነው። አየር ላይ የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱ የሚያይበትና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሲለያዩ ነው። ዱላው ሲረዝምና ሲከብድ፣ ዘንጉም ለጉልበቷ ሲጠነክር፣ ፊቱ በጊዜ ሳይመለስ ኳሷ ላይ ይደርሳል። ገና ክፍት ስለሆነም ኳሷን ወደ ቀኝ ያሽከረክራታል። የፊቱ ዲግሪ ማነስ ነገሩን ያብሰዋል። ፊቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ኳሷ ከፍ ብላ ትነሳለች፤ ወደ ኋላ የሚሽከረከረው ኃይል ስለሚያይልም የጎን መታጠፉ ይቀንሳል። ስለዚህ 12 ዲግሪ ለጀማሪ ከ9 ዲግሪ የዋህ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሜዳው በፊት አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ገባን። የዘንድሮዎቹ ድራይቨሮች እንደ ጌጥ ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ «10 ሺህ» በሚል ቁጥር ይወደሳሉ። ቁጥሩ ኳስ ከፊቱ መሀል ውጪ ሲመታ ራሱ ላለመጠምዘዝ ያለውን አቅም ይመለከታል። አቅሙ ሲበዛ የተሳሳተ ምትም ብዙ አይስትም፤ ቀጥተኛነት ለሚፈልግ ሰው ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን 10 ሺህ የሚባለው ሁለት መለኪያዎች፣ የጎን ለጎኑና የላይ ታቹ፣ ሲደመሩ ነው። የጨዋታው ሕግ ገደብ ያበጀለት የጎን ለጎኑ መለኪያ ከ5900 ግራም ስኩዌር ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። የራሱም ግዝፈት ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በላይ አይፈቀድም። ጥቂት ዓመት ያስቆጠረ ዱላም ወደዚህ ጣሪያ የተጠጋ ነው። የአዲሱ ብልጫ እንደ ዋጋው ልዩነት የትየለሌ አይደለም።

ወንድሜ ግን አዲሱን ይዞ አልለቅ አለ። በዚህ ጊዜ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደግንበት ዘመን ትዝ አለኝ። ገና ሊደርስ ሲል ወንዶቹ ጫካ ወርደው ጫፉ የተቆለመመ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ ለራሱ ይቆርጣል፤ ልጦ፣ በእሳት ለብልቦ ያቃናዋል። የታላቁን ዱላ ተውሶ ሩር ሊመታ የሄደ ትንሽ ልጅ መሬት መትቶ ክንዱን አደንዝዞ ይመለስ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ የገና ዱላህን በማን ቁመት ነበር የምትቆርጠው?» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየና ሳቀ። «በራሴ ነዋ!» አለ። አዲሱንም ወደ ቦታው መለሰው።

ያገለገሉ ዱላዎች ከሚሸጡበት ጥግ ሦስት መረጥን። መደብሩ የኳስን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ ስላለው ልጅቱ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ኳስ እንድትመታ ተፈቀደላት። አዛውንቱ ቀድመው ምክር ሰጥተውን ነበር። «በጣም የራቀችውን ኳስ አትዩ። ሻጭ የሚያሳያችሁ እሷን ነው። አሥሩ ኳሶች ያረፉበትን ስፋት እዩ» ብለውናል። እንዳሉት አደረግን። የመጀመሪያው ዱላ አንድ ኳስ አርቆ ከሁሉም በለጠ፤ የቀሩትን ግን ግራና ቀኝ በተናቸው። ሦስተኛው በርቀት ከእሱ ትንሽ ያንሳል፤ ከአሥሩ ስምንቱን ግን አንድ ቦታ ሰበሰበ።

የተመረጠው እሱ ነው። ፊቱ 12 ዲግሪ፣ ዘንጉ ቀላልና ለስላሳ፣ ርዝመቱ 44 ኢንች፣ ክብደቱም ወደ ተረከዙ ያደላ፤ ይህ ማድላት ፊቱ ቶሎ እንዲመለስ ያግዛል። ዋጋው 170 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ስለ ርዝመት ልንገራችሁ። ሕጉ እስከ 48 ኢንች ይፈቅዳል፤ መደብር ውስጥ የሚሸጡት 45 ኢንች ተኩል አካባቢ ናቸው፤ ብዙ ታላላቅ ባለሙያዎች ግን ከዚያ ያጠረ ይይዛሉ። ያጠረ ዱላ ጥቂት ርቀት ቢያስቀርም ኳስን በፊቱ መሀል ለመምታት ይቀላል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ላንግስተን ተመለስን። አዛውንቱ ኳሷ የምትቀመጥባትን ትንሽ እንጨት፣ ቲ የሚሏትን፣ በትክክል እንድትተክል አሳዩዋት፤ የኳሷ ግማሽ ከዱላው ራስ አናት በላይ እንዲታይ። ለዚህች ቲ በ1899 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጣው ጆርጅ ግራንት የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም መሆኑንም ነገሩን። እኔ ደግሞ ይህን ሜዳ ስላስከፈቱት ሴቶች ለልጅቱ አወራኋት። ድል ካደረጉ በኋላም እዚህ ብቻ አልቀሩም። በ1941 የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት ይሁኑ ሲባል ወደ ሌላው ሜዳ ሄደው ተጫወቱ፤ ተሰደቡ፤ ድንጋይም ተወረወረባቸው፤ ጨዋታቸውን ግን አላቋረጡም። ልጅቱ ሰምታኝ ስታበቃ «በምን ዱላ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ዘመን የድራይቨር ራስ ከእንጨት የሚሠራ፣ መጠኑም ከዛሬው በብዙ ያነሰ ነበር። ይህን ስነግራት የራሷን ዱላ አየት አድርጋ ወደ ኳሷ ዞረች።

ያን ቀን ሁሉም ኳስ ቀጥ አለ ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ሦስቱ ዛፍ ውስጥ ገብተዋል። ነገር ግን ስትስት የምትስተው በጥቂቱ ነው፤ ቀጣዩን ለመምታትም እጇ አይርድም።

የልጅዎን የመጀመሪያ ድራይቨር ለመግዛት የሚያስቡ ወላጅ ካሉ፣ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ፣ ከላንግስተን የያዝኩት ይኸው ነው። ልጁን ሳትይዙ አትግዙ፤ ስጦታውን ድብቅ ማድረግ እዚህ ላይ አይበጅም። ከስም በፊት ዲግሪውን፣ የዘንጉን ልስላሴና ርዝመቱን ጠይቁ። አሥር ኳስ አስመቱና ስፋቱን እዩ። ከዋጋው የተረፈውን ለአሠልጣኝ አውሉት፤ የተጣመመ አመታትን ዱላ ብቻውን አያቃናውምና።

ወንድሜ ከተረፈው ላይ ለአራት ቅዳሜ ትምህርት ከፈለ። እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ ደወለልኝ። ልጅቱ ከተመረጡት የመጨረሻዋ ሆና ቡድኑ ውስጥ ገብታለች። ከኋላ ድምጿ ይሰማኛል፤ «መጨረሻ አትበል አባዬ፣ ገባች በል!» እያለች ትጮህ ነበር።