በርበሬ እየቀነጠሰች የምትስቀው ሴት

እስቲ ወጥ ቤት ግቡና አንድ የሽሮ ወይም የበርበሬ ማሸጊያ አንሱ። ላዩ ላይ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ፈገግ ያለች እናት ካገኛችሁ፣ እኔ እንጀራዬን የምበላው እንዲህ ዓይነቷን ሴት እያሳልኩ ነው።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ የባልትና ድርጅት አዲስ ማሸጊያ ስናዘጋጅ ሳቂታዋን እናት ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ናሙናውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችውና፣ «ምን ያስቃታል?» አለችኝ። «በርበሬ እየቀነጠሰች የምትስቅ ሴት አይቼ አላውቅም።»

አብረን ሳቅን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች፣ ወፍጮ ቤት እየተሰለፈች፣ ለጎረቤት እየሸጠች ነው ቢዝነስ ያስተማረችኝ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያሳልኳት ሴት አንድም ቀን በርበሬ ያስነጠሳት አትመስልም።

ያኔ አንዲት አሜሪካዊት ትዝ አለችኝ፤ «አክስት ጀማይማ»። በመጀመሪያ ነጮች ጥቁሮችን እየመሰሉ በሚያሾፉበት መድረክ የሚዘፈን ዘፈን ነበረች። በ1889 የፓንኬክ ዱቄት መለያ አደረጓት። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ በባርነት የተወለደችው ናንሲ ግሪን ጀማይማን ሆና ፓንኬክ እየጋገረች ለሕዝብ ቀረበች። ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ በሰው ማጀት ደስተኛ መስላ እየሳቀች ከመቶ ዓመት በላይ ዱቄት ሸጠች።

በ1972 ሠዓሊዋ ቤቲ ሳር ይህችን ሴት እንደገና ሠራቻት። ለወጥ ቤት ማስታወሻ መያዣነት የተሠራች ጥቁር አሻንጉሊት ወሰደችና በአንዲት ሣጥን ውስጥ አቆመቻት። ከጀርባዋ የማሸጊያውን ሳቂታ ፊት ደጋግማ ደረደረች። አሻንጉሊቷን በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በሌላው ጠመንጃ አስያዘቻት። ሥራውንም «የአክስት ጀማይማ ነፃ መውጣት» አለችው። ሌላዋ ሠዓሊ ፌይዝ ሪንጎልድ ደግሞ በ1983 በጨርቅ በተሰፋ ሥራዋ ጀማይማን ቤተሰብ ያላት ነጋዴ አድርጋ ታሪኳን ጻፈችላት። የዱቄቱ ባለቤት ኩባንያ ስሟንና ምስሏን እንደሚያነሳ ያስታወቀው በ2020 ነው። ሠዓሊዎቹ ኩባንያውን በሠላሳ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ቀድመውታል።

የእኛዋ ባለሻሽ እናት ከጀማይማ ጋር አንድ ናት ማለቴ አይደለም። ከኋላዋ ያ የባርነት ታሪክ የለም። ዘዴው ግን አንድ ነው፤ ሳቁን እናሳያለን፣ ድካሙን እንደብቃለን፣ ስሟንም አንጠይቅም።

በማግስቱ እናቴን፣ «አንቺ ብትሆኚ እንዴት ብንስልሽ ትወጃለሽ?» አልኳት። አላመነታችም። «ሚዛኔን ይዤ» አለች። «ማንንም አላጭበረበርኩም፤ ማንም እንዲያጭበረብረኝም አልፈቀድኩም።»

ሐሳቡን ለስብሰባ አቀረብኩ። ያልሳቀ ፊት አይሸጥም ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አባባል እኔም ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ማሸጊያው ታተመ፣ ሴትዮዋም እየሳቀች ነው።

እኔ ግን እናቴን ከነአሮጌ ሚዛኗ በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና አሳጥቤ ሳሎን ሰቀልኩት። በፎቶው ላይ ፊቷ ኮስተር ብሏል። የአምስት ዓመቷ ልጄ፣ «አያቴ ተቆጥታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ፣ ሥራ ላይ ሆና ነው» አልኳት።

እናንተም እናቶቻችሁን ጠይቋቸው። ምን ይዘው መሳል እንደሚፈልጉ ሲነግሯችሁ፣ እንደ እኔ ትገረሙ ይሆናል።