ከኦሮራ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ፦ አሮጌ ካምቢዮ በተራራ ሲፈተን

በኮሎራዶ የሚኖር አበሻ ስለ ከፍታ ሲወራ ፈገግ ይላል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከእሷ ከ700 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ከዴንቨር ተነስቶ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ 3,401 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ እንጦጦንም አልፎ ማለት ነው። መንገዱ እዚያ ተራራውን በዋሻ ይሰነጥቀዋል።

ባለፈው በጋ በዚህ መንገድ የወጣነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። አጎቴ ለዓመታት የነዳት አውቶማቲክ መኪና፣ ባለ አራት ማርሽ የ2003 ሞዴል፣ ማርሽ ስትቀይር ታስቸግር ጀምራለች። አንድ ጋራዥ አይቷት «ካምቢዮው በሙሉ ይቀየር» አለ። የተጠየቀው ዋጋ የአጎቴ ልጅ በግራንድ ጀንክሽን ኮሌጅ ስትገባ ለአንድ ሴሚስተር የቤት ኪራይ የተቀመጠላት ገንዘብ ነበር። ግራንድ ጀንክሽን ከዴንቨር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱም ይኸው ተራራ ነው። መኪናዋ ካልዳነች ወይ ኪራዩ ይቀራል ወይ ልጅቱ ትቀራለች።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በሥራዬ አንድ ሕግ አለ፦ ችግሩን ደግሞ ማስነሳት ያልቻለ ሰው ሊጠግነው አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መካኒክ የነበሩ አንድ ጎረቤታችንን ለመንን። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ የአጎቴ ልጅ ደብተር ይዛ ከጎኔ ሆነች።

«ልጄ፣ ‹ካምቢዮው ተበላሸ› ብለሽ አትጻፊ» አሏት። «ምን እንዳደረገ ጻፊ።» ከዚያ አራት ግሦች አስጻፏት። እናንተም ብትይዟቸው ይጠቅማሉ።

ዘገየ፦ ማርሹ የሚቀየርበትን ጊዜ አሳልፎ ቀየረ።
አመነታ፦ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ መካከል ወዲያና ወዲህ አለ።
ተንሸራተተ፦ ሞተሩ ጮኸ፣ የዙር መቁጠሪያው ወጣ፣ መኪናው ግን አልፈጠነም።
መታ፦ ማርሹ ሲገባ ወንበሩ ድረስ የሚሰማ ድንገተኛ ግፊት ሰጠ።

«ካምቢዮ» ራሱ፣ እንደ «ፍሬን» ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው።

የመጀመሪያ ማረፊያችን አይዳሆ ስፕሪንግስ ነበረች፤ በ1859 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወርቅ የተገኘባት ትንሽ ከተማ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ቦታ ላይ አቆምን። በዚህ መኪና የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ነው። ሞተር አጥፍተው የሚለኩባቸው መኪናዎችም ስላሉ የመኪናውን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ጋሼ መለኪያውን አውጥተው በነጭ ሶፍት ጠረጉት። ዘይቱ ቀይ ነው፤ ልኩም ሙሉ ነው። አሸተቱት። «አልተቃጠለም» አሉ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ቢኖረው ኖሮ ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች ተበልተዋል ብለን እንጠረጥር ነበር።

ከዚያ አቀበቱ ጀመረ። የአጎቴ ልጅ «ዘገየ» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ ቆይታም «አመነታ» አለች። ጋሼ አልደነገጡም። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል። ዋሻው አካባቢ ሲደርስ ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሲሶው ያህል ጎድሎበታል። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል፤ የካምቢዮው ኮምፒውተርም ይህን አይቶ ማርሹን ያዘገያል። ይህ ሥራው እንጂ በሽታው አይደለም። ማመንታቱም አራተኛውን ማርሽ የሚከለክለውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ስንጫን ወዲያው ቆመ። ከቤት ይዘናቸው ከመጣናቸው ሦስት ቅሬታዎች ሁለቱ በሽታ ሳይሆኑ ቀሩ።

ሦስተኛው ከጆርጅታውን በላይ መጣ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀየር መኪናዋ መታች፤ የኦቨርድራይቭ መብራትም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ባለው መውጫ ወጥተን ቀስ ብለን ወደ ከተማዋ ተመለስን።

ጆርጅታውን 2,600 ሜትር ላይ ያለች የድሮ የብር ማዕድን ከተማ ናት። ከእሷ እስከ ሲልቨር ፕሉም ድረስ ያለው ርቀት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ1884 የተጠናቀቀው ሐዲድ ግን ተጠማዞና በራሱ ላይ በድልድይ ተሻግሮ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት ስለማይችል ርቀቱን አርዝመው አቀበቱን አቀለሉለት። ዝቅተኛ ማርሽም የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ፍጥነት ይሰጣል፣ ጉልበት ይቀበላል።

ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቤት መኪናዎች ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት አላቸው። የእጅ መሣሪያዬን ሰካሁ፤ ፒ 0758 የሚል ኮድ አወጣ። ትርጉሙ የሁለተኛው የማርሽ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር አለበት ማለት ነው። ሶሌኖይድ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የዘይት በር ነው። ኮዱ «መስመሩን እይ» ይላል እንጂ «ካምቢዮውን ቀይር» አይልም።

ሞተሩን አጥፍተን እስኪበርድ ጠበቅን። ጋሼ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አነሱና ወደ ካምቢዮው የሚገባውን የሽቦ ማገናኛ ፈቱ። አንደኛው የመዳብ ጥርስ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለካሁ፤ መመሪያው ከሚለው ልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሶሌኖይዱ ጤነኛ ነው፤ ግንኙነቱ ነው የላላው። ዝገቱን አጸዱ፣ አጥብቀው መለሱት፣ እኔም ኮዱን ሰረዝኩ።

ያንኑ አቀበት በዚያው ፍጥነት ደግመን ወጣን። የአጎቴ ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ምንም የለም። መብራቱም አልበራም። እስከ ዋሻው ቀጠልን። አይዘንሃወር የሚባለው ወደ ምዕራብ የሚወስደው ዋሻ በ1973 ተከፈተ፤ ጆንሰን የሚባለው ወደ ምሥራቅ የሚመልሰው በ1979። እያንዳንዳቸው 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ከዋሻው ወጥተን ወደ ዲሎን ሐይቅ ስንወርድ ጋሼ ማርሹን ዝቅ አስደረጉኝ። «ቁልቁለት በሞተር ይያዛል፤ በፍሬን ብቻ ከሆነ ፍሬኑ ይቃጠላል» አሉ። በመንገዱ ዳር ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪናዎች የተሠራ ማምለጫ አለ፤ ምክራቸውን ለማመን እሱን ማየት በቂ ነው።

ይህ ማለት አሮጌ ካምቢዮ ሁሉ ሽቦ በማጽዳት ይድናል ማለት አይደለም። ቢንሸራተት፣ ዘይቱም ጠቁሮ ቢሸት፣ ጋራዡ ያለው እውነት ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ግሡን መለየት የሚያስፈልገው።

አጎቴ ማገናኛውን በአዲስ አስቀየረ፤ የካምቢዮውን ዘይትም አስለወጠ። ኪራዩ አልተነካም። ነሐሴ ላይ የአጎቴ ልጅ ብቻዋን ነድታ ሄደች። ከዲሎን በአማርኛ የላከችልን መልእክት አጭር ነበር፦ «ዋሻውን አለፍኩ። ትንሽ ዘገየ፤ አልመታም። ለጋሼ ንገሩልኝ።»